ከቦዩ ያወጣነው ፌስታል



ይህን ጽሑፍ ሦስት ሆነን ነው የምንጽፈው። ሦስታችንም ደሴ ተወልደን ደሴ ያደግን፣ አንድ መድረሳ ቀርተን አንድ ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች ነን። ስማችን ምንም አይጨምርላችሁም። ሥራችን ግን ለነገሩ ያስፈልጋልና እሱን እንንገራችሁ፤ የምግብ ማሸጊያ እንሸጣለን። ፌስታል፣ ፎም፣ የጁስ ኩባያ ከነክዳኑ፣ ስትሮው፣ የሾርባ ጎድጓዳ፣ የሚጣል ማንኪያ። ከመርካቶ እናመጣለን፤ ለሳንቡሳ ጠባሹም ለጁስ ቤቱም ለዳቦ ቤቱም እናከፋፍላለን።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የደሴ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ዝናብ መጣ። ጦሳ ላይ ደመናው ሲቀመጥ እኮ ሰው ሁሉ ልብሱን ከገመድ ያወርዳል። ውሃው ከላይ እየተንደረደረ ወረደና ሱቃችን አጠገብ ያለው ቦይ አልቀበል አለ። ወደ መስጂዱ ዉዱእ ማድረጊያ ገባ፤ ከዚያ ጎን ወዳለችው ቅመም ሻጭ እናታችን ቤት ገባ። ሁለት ኩንታል ያህል በርበሬ መሬት ላይ ነበር። ሱሪያችንን ሰብስበን ገባን። አንዱ አካፋ ያዘ፣ ሌላው በእጁ ይጎትታል። የሚወጣው ነገር ሁሉ ፌስታል ነው። ፌስታል በፌስታል ላይ ተጠቅልሎ፣ ጭቃ ጠጥቶ፣ እንደ ገመድ ተገምዶ።

ከነዚያ መካከል አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለው ነበረበት። አንድ ሁለት አይደለም፤ ብዙ። ያንን ዓይነት በዚያ ሰፈር ያመጣነው እኛ ብቻ ነን። ለረመዳን ብለን፣ ለኢፍጧር ማሸጊያ ያምራል ብለን፣ በስድስት ማዳበሪያ ያስመጣነው ነው። ሦስታችን ተያየን። ማንም ምንም አላለም።

ቦዩ ሲከፈት ውሃው ወረደ። ቅመም ሻጯ እናታችን የተረፈውን በርበሬ እየሰበሰበች ወደኛ ዞር ብላ «አላህ ወጣትነታችሁን ይባርክላችሁ፣ ልጆቼ ናችሁ» አለችን። አሚን አልን። ምን እንበል? ወላሂ የዚያን ቀን ማታ ሒሳብ ስንሠራ ሦስታችንም ቁጥሩ አልገባ ብሎን ነበር ያደርነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ሦስታችንም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ፈልገናል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመን፣ ፎቶ ኮፒ እየከፈልን፣ «እንደውልላችኋለን» እየተባልን። በመጨረሻ አንደኛችን የእናቱን የወርቅ አምባር፣ ሌላኛችን የደረሰውን ዕቁብ፣ ሦስተኛችን ደግሞ ዱባይ ካለች እህቱ የተላከ ብር አምጥተን 180,000 ብር ሞላን። ማሸጊያ የመረጥነው ጥበብ ስላለን አይደለም። አይበላሽም፣ አይገለማም፣ በየቀኑ ይፈለጋል፤ ይኸው ነው ምክንያታችን። ሰው ካልበላ አይኖርም፤ የከተማ ሰው ደግሞ ቤቱ ይዞ ሄዶ ነው የሚበላው።

ይህን ንግድ ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ትርፉ ግን ሳንቲም ነው። አንድ ፎም ስንሸጥ የምናተርፈው ሁለት ብር አይሞላም። የምንኖረው በብዛት ነው። ፌስታል ደግሞ እንደ መግቢያ ነው፤ ጁስ ቤቱ ፌስታል ሊገዛ ይመጣል፣ ኩባያና ስትሮው ጨምሮ ይሄዳል። ፌስታል የሌለው የማሸጊያ ሱቅ ስኳር እንደሌለው ሻይ ቤት ነው። ይህንን ያወቅነው ግን ፌስታሉን ለማውጣት ስንሞክር ነው።

አዋጁ በፓርላማ መጽደቁን የሰማነው በዚያው ዓመት ማገባደጃ ላይ ነው፣ ቦዩ ከመዘጋቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፌስታል ሊመረት፣ ሊገባ፣ ሊሸጥም ሆነ ሊያዝ አይችልም ተባለ። ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር፣ አምርቶ ወይም አስመጥቶ የሸጠ ደግሞ ከ50,000 እስከ 200,000 ብር እንደሚቀጣ በዜና ሰማን። 200,000 ብር ማለት ለእኛ ሱቁን ከነመደርደሪያው ሸጠን የማንሞላው ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሳቅን። «እዚህ አገር ፌስታል ሊከለከል?» ተባባልን። ሳቃችን ምክንያት ነበረው። ፌስታል እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ መከልከሉ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ያኔ እኛ ሕፃናት ነን። አድገን፣ ተምረን፣ ነጋዴ ሆነን ለዓመታት ስንሸጥ የኖርነው አብዛኛው ፌስታል ምናልባት ያ የተከለከለው ነው። ምናልባት የምንለው ለክተን ስለማናውቅ ነው። አንድ ሚሊ ሜትርን ሠላሳ ሦስት ቦታ ቢከፍሉት የሚገኘውን ውፍረት በጣቱ ዳስሶ የሚያውቅ ሻጭ የለም፤ ደንብ አስከባሪም የለም። እንደኛ እንደኛ የዚያ ሕግ ችግር እዚህ ላይ ነበር። አዲሱ ግን ውፍረት አልጠየቀም። ፌስታል ፌስታል ነው አለ።

በዚያ ሰሞን ገበያው አበደ። ከመርካቶ የምንገዛበት አከፋፋይ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደወለልን። መጀመሪያ «አሁን ያዙ፣ ይወደዳል» አለን፤ ቀጥሎ «በቅናሽ ልላክላችሁ፣ በዱቤም ይሁን» አለን። ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ መጠርጠር ነበረብን። አልጠረጠርንም። ርካሽ ነገር ሲያይ ዓይኑ የማይታወር ነጋዴ ስንት ነው? አሥራ አንድ ማዳበሪያ በዱቤ ተቀበልን። የ94,000 ብር ዕዳ። እውነቱን ለመናገር ይህን የሠራነው ዜናውን ከሰማን በኋላ ነው። አላዋቂ ሆነን የተታለልን ለማስመሰል አንፈልግም፤ ስግብግብ ሆነን ነው።

ደንበኞቻችን ደግሞ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ዳቦ ቤቱ «ዳቦ የሚታሸግበት ስሱ ላስቲክስ?» ይላል። እንጀራ የምታከፋፍል እህታችን «የኔውስ ነጭ ነው፣ እጀታ የለውም፣ እሱም ፌስታል ነው?» ትላለች። ቆሎ ሻጩ፣ በረዶ ሻጩ፣ ጁስ ቤቱ፣ ሁሉም የየራሱን ይጠይቃል። አዋጁ በስሙ የጠራው ፌስታልን ነው፤ ፎሙና ኩባያው ላይ ሲሆን ግን ሰው ከፍርሃቱ የተነሳ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያየው ጀመር። አንድ ሳንቡሳ ቤት ፎም ማዘዝ አቆመ። ለምን ስንለው «ዛሬ ፌስታሉን ካሉ ነገ ፎሙን ይላሉ፣ ለምን አከማቻለሁ?» አለን። ትክክል ነበር። የነጋዴ አፍንጫ ከጋዜጣ ይቀድማል።

ትክክል እንደሆነ ያወቅነው ከዱባይ በመጣ የድምፅ መልእክት ነው። ብር የላከችው እህት ካፌቴሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። የእነሱን አገር በደረጃ በደረጃ ነገረችን። በ2022 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ለፌስታል 25 ፊልስ ማስከፈል ተጀመረ። ሰዉ ተነጫነጨ፤ ከዚያ ከቤቱ ይዞ መምጣት ለመደ። በ2024 ጥር ፌስታሉ ራሱ ቀረ። በ2025 መጀመሪያ የፎም ሣጥንና የፕላስቲክ ስትሮው ቀረ። ለ2026 ደግሞ ተራው የፕላስቲክ ኩባያ፣ ክዳን፣ ማንኪያና የምግብ መያዣ እንደሆነ አስቀድሞ ተነገራቸው። «እናንተ ጋ በአንድ ቀን ነው የምትደነግጡት፣ እዚህ ግን ከዓመታት በፊት ቀኑን ያሳውቁናል፤ አለቃችን ያለውን ዕቃ እየጨረሰ ነው የተሻገረው» አለችን። አሠሪዋ የወረቀት ኩባያውን ዋጋ ሻይው ላይ ጨመረ። ምግቡን ከሸንኮራ አገዳ ገለባ በተሠራ ሣጥን ያሽጋሉ። ይህን ስንሰማ አንደኛችን «እኛስ ወንጂና መተሐራ አለን አይደል?» አለ። አዎ አለን። ገለባው ግን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ እየነደደ እንፋሎት ያወጣል። ወደ ሣጥን የሚቀይረው ማሽን ያለው ሰው እኛ አናውቅም፤ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን።

ጎረቤቶቻችንም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሩዋንዳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል አታስገባም፤ ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ውስጥ ያለው ፌስታል ይወሰዳል። ታንዛኒያ በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ተከተለች። የኬንያው ግን ለእኛ ሥራ የበለጠ ያስተምራል። ከነሐሴ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ማምረት፣ መሸጥና መያዝ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ያስቀጣል ተባለ። በዓለም ከባዱ ቅጣት ነው ተብሎ የተወራለት እሱ ነው። ነገር ግን ዳቦውን ፋብሪካው ራሱ የሚያሽግበትን ላስቲክ ለይተው ተዉት። ማለትም ምግቡን የነካው፣ በምርት ቦታው የታሸገው፣ ቀረ፤ የሚንጠለጠለው ሄደ። የእኛ እንጀራ አከፋፋይ እህት የጠየቀችውን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው እዚያ ነበረ ማለት ነው። በፌስታሉ ቦታ ጨርቅ የሚመስል ግን ራሱ ከፕላስቲክ ክር የተጫነ ከረጢት ገበያውን ሞላው። እሱን እኛም አሁን እንሸጣለን፤ ሰው የጨርቅ ነው ብሎ ነው የሚገዛው። አይደለም። ሲጠይቀን እንነግረዋለን። ካልጠየቀንስ? እዚህ ላይ ሦስታችን አልተስማማንም።

ያለመስማማት ነገር ከተነሳ ዋናውን እንንገራችሁ።

ቦዩ ከተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት ከባቲ አንድ ነጋዴ መጣ። በዕድሜ አባታችን ይሆናል። በሱቃችን ጓዳ አሥራ አንድ ማዳበሪያ ፌስታል እንዳለ ሰምቷል። «ሁሉንም አንሱልኝ፣ ጥሬ ብር ነው» አለ። የዱቤው ቀን አሥር ቀን ቀርቶታል። አከፋፋዩ በቀን ሁለት ጊዜ ይደውላል። ሒሳብ የሚይዘው ወንድማችን ወዲያው ቁጥር መጻፍ ጀመረ። ሌላኛችን፣ ያ ቦዩ ውስጥ በእጁ ሲጎትት የነበረው፣ ክንዱን ያዘው። «ነገ ይምጡ አባባ» ብለን ሸኘናቸው።

የዚያን ዕለት ምሽት እስከ ዒሻእ ተከራከርን። ሒሳብ ያዡ እንዲህ አለ፦ «ዕዳ አማና ነው። የሰው ገንዘብ ነው። አዋጁ ገና በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም እየተባለ ነው። ሰውየው ሕፃን አይደሉም።» ሌላኛው፦ «ባቲ ሌላ አገር ነው እንዴ? እዚያስ ቦይ የለም? እዚያስ በርበሬ የምትሸጥ እናት የለችም? እኛ የፈራነውን ቅጣት ለሳቸው ጭነን ልንልክ ነው።» ሦስተኛችን መሐል ላይ ነበርን፤ «ነበርን» የምንለው ያ ሦስተኛ ሰው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው፣ ራሱ ለምኖናል።

በማግሥቱ ወደ ኡስታዛችን ሄድን። ስለ ፌስታል ፈትዋ የጠየቁ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሳንሆን አንቀርም። ሳቁ። ከዚያ አጭር ነገር ነገሩን፤ ዕቃው በራሱ ሐራም አይደለም፣ ግን በዕቃው ላይ የምታውቁትን ነውር ደብቃችሁ የሸጣችሁ እንደሆነ ከሽያጩ በረካው ይነሳል፤ ልትቀጡበት የምትችሉት ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ተናገሩ አሉን። ሕግን በተመለከተ ደግሞ እሱን እኔ ሳልሆን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ አሉ። ይህንን መልስ ወደድነው፤ «አላውቅም» የሚል ሰው ዛሬ ብርቅ ነው።

ነጋዴው ሲመጡ ነገርናቸው። አዋጁን፣ ቅጣቱን፣ መጠኑን ሁሉ። ቁጭ ብለው አዳመጡን። ሻይ ጠጡ። ከዚያ ምን አሉ? «ልጆቼ፣ እኔ በ1999ም ሲከለከል እዚሁ ንግድ ላይ ነበርኩ።» ቀጥለው «ነውር አለው ካላችሁ ታዲያ ዋጋ ቀንሱልኛ!» አሉ።

እንግዲህ እውነት መናገራችን የመደራደሪያ ዱላ ሆኖ በራሳችን ላይ ተመለሰ። ስድስት ማዳበሪያ ከገዛንበት ዋጋ ሩብ ያህል ዝቅ አድርገን ሸጥንላቸው። ዕዳው ግማሽ በግማሽ ተከፈለ። አምስቱ ማዳበሪያ ቀረ። ያ ክንድ የያዘው ወንድማችን ከዚያ ሽያጭ ድርሻዬን አልነካም አለ፤ እስካሁን አልነካም። ገንዘቡ በፖስታ ተደርጎ መሳቢያ ውስጥ አለ። እኛ ሁለታችን ስናስበው እሱ አብዝቶታል። እሱ ሲያስብ ደግሞ እኛ አሳንሰነዋል። ሱቁን አብረን እንከፍታለን፣ አብረን እንሰግዳለን፣ ስለ ፖስታው ግን አናወራም።

ከዚያ በኋላ ወደ ወረቀት ገባን። መቼም ሰው «ወረቀት ተጠቀሙ» ሲል ይቀለዋል። የወረቀት ከረጢት ለመሥራት ቡናማ ወረቀት ከአዲስ አበባ ገዛን፣ ሙጫ ገዛን፣ በሰፈራችን ያሉ አራት እህቶች በቤታቸው እያጠፉ እንዲለጥፉ ተስማማን። በፍሬ ነው የምንከፍላቸው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ከእነሱ አንዷ ከምንጠብቀው ሁለት እጥፍ ታወጣለች፣ ማሻ አላህ። ችግሩ ሌላ ነው። የወረቀቱ ጥሬ ዕቃም እንደ ላስቲኩ ፍሬ ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው በየጊዜው ይዘላል። አንድ የወረቀት ከረጢት ሳንቡሳ ጠባሿ ጋ ሲደርስ ለፌስታል ትከፍል ከነበረው ሦስት እጥፍ ሆነ። ሳንቡሳው 15 ብር ነው! ከ15 ብር ላይ ለመያዣ ስንት ይነሳል?

ደግሞስ ሙከራው። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ከረጢቶች ይዘን መስጂዱ በር ላይ ወደምትጠብሰው እትዬ ሄድን። ትኩስ ሳንቡሳ አወጣች፣ አምስት ከተተች፣ ለልጅ ሰጠች። ልጁ አሥር እርምጃ ሳይሄድ የከረጢቱ ቂጥ ዘይት ጠጥቶ ተቀደደ። ሳንቡሳው መሬት ላይ። ልጁ አለቀሰ፣ እትዬ ሌላ ሰጠችው፣ እኛ አፈርን። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን ድርብ አደረግነው፤ ያዘ፣ ግን ዋጋው ደግሞ ድርብ ሆነ። እትዬ ራሷ ነች መላ ያመጣችው። «ኮባ አንጥፉበት። ለድፎ ዳቦ የሆነ ለሳንቡሳ ምን ይነሰዋል?» አለች። ሞከርነው። ወላሂ ይይዛል። ሽታውም ያምራል። ግን ኮባ በየቀኑ ከየት ይመጣል? ቅዳሜ ከገበያ ገዝታ እስከ ሰኞ ታደርሳለች፤ ከዚያ ይጠወልጋል። እኛ ለአርባ ደንበኛ ልናቀርበው የምንችለው ነገር አይደለም። ለእሷ ግን ሠራ፤ ሰኞና እሑድ የእሷን ሳንቡሳ የቀመሰ ያውቀዋል።

ሾርባስ? በወረቀት አይሆንም። በወረቀት ኩባያ የሚሸጠው ውስጡ በስሱ ላስቲክ የተቀባ ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው። ፌስታል ውስጥ ትኩስ ሾርባ ቋጥሮ መስጠትም እኮ ድሮም ትክክል አልነበረም። ጥቁሩ ፌስታል ብዙ ጊዜ ተለቅሞ፣ ቀልጦ እንደገና የተሠራ ነው፤ ምን ምን እንደነበረበት አይታወቅም። ፎሙም ቢሆን ለትኩስና ለቅባታም ምግብ የተመቸ አይደለም፤ ከራሱ ወደ ምግቡ የሚለቀው ነገር አለ። ይህንን ስንሸጥ አናውቅም ነበር ብንል ግማሽ እውነት ነው። አልጠየቅንም ነበር።

የሠራልን ነገር ካለ ሰው ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ይህም ቢሆን ተንኮል ጠይቆናል። እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ገበያ ሄደዋል፣ መንገደኛ ስንቁን በአገልግል ይዞ ሄዷል፤ እኛ ልጆቻቸው ግን ዘንቢል ይዘን ፒያሳ ብንታይ እንሞታለን። አትሳቁ፣ እናንተም እንዲያው ናችሁ። ሚስት ላገባ ነው የሚል ጎረምሳ ዘንቢል ይዞ ይታይ? ስለዚህ በወፍራም ሸራ የሚታጠፍ፣ ኪስ የሚገባ ከረጢት አሰፋን፣ ጥቁርና ቡናማ። ይሸጣል፣ አልሐምዱሊላህ። ሦስት ጁስ ቤቶች ደግሞ ኩባያውን ይዞ ለመጣ አምስት ብር ይቀንሳሉ። እኛ ደግሞ ኩባያ እየሸጥን የምንኖር ሰዎች ሆነን ሰው ኩባያ እንዳይገዛ ስንለምን የገዛ ቅርንጫፋችንን የተቀመጥንበትን እየቆረጥን መሆኑ አልጠፋንም። የወሩ ገቢ ከቀድሞው በአንድ ሦስተኛ ወርዷል። አንደኛችን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ይሠራል።

አምስቱን ማዳበሪያ ምን አደረግናቸው ካላችሁ፣ አራቱን ከአዲስ አበባ ቆራሌ ጋር ለሚሠራ ሰው በኪሎ ሰጠናቸው። መርካቶ ምን አለሽ ተራን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ሰው የጣለው ሁሉ ዋጋ አለው። አዲስ፣ ያልተፈታ፣ ከነእሽጉ ያለ ፌስታል እንደ ውራጅ ተመዝኖ ሲሄድ ማየት ለነጋዴ ዓይን ጥሩ አይደለም። ከገዛንበት አምስት እጅ አንዱን እንኳ አልመለሰም። አምስተኛው ማዳበሪያ አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለው ነው። አልሸጥነውም። ጠረጴዛው ስር አለ።

ቅመም ሻጯን እናታችንን ነገርናት። ለመናገር ወራት ፈጅቶብናል። አንድ ቀን ሦስታችን ሄደን «ያ በርበሬሽን ያበላሸው ፌስታል የኛ ነበር» አልናት። ትንሽ አየችን። ከዚያ ከመደርደሪያዋ ስር እጇን ሰደደችና አንድ ጥቅል ፌስታል አወጣች። አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለው። «እኔስ በርበሬዬን በምን ቋጥሬ ስሸጥ የኖርኩ መሰላችሁ? ከናንተው ነው የገዛሁት» አለች። የተበላሸውን በርበሬ ልንከፍል ስንል አልተቀበለችም፤ ሁለት የሸራ ከረጢት ውሰጂ ስንላት ግን «ሦስት አድርጉት» ብላ ወሰደች።

አሁን በእጃችን ያለው ጉዳይ ረመዳን ነው። በመስጂዳችን ግቢ የሚያፈጥረው ሰው ብዙ ነው። በ2017ቱ ረመዳን ለእያንዳንዱ ሰው ቴምር፣ ሳንቡሳና ሾርባ በፎምና በፌስታል ያቀረብነው እኛ ነን፤ መግሪብ ተሰግዶ ሲያልቅ ግቢው ነጭ በነጭ ነበር፣ ነፋስ ያነሳውም ወደ ቦርከና የሚወርደውን መንገድ ያዘ። ለሚመጣው ከመስጂዱ ወጣቶች ጋር ተሰብስበን የሚታጠብ ሳህንና ጎድጓዳ እንግዛ አልን። 400 ሳህን። ገንዘቡ በአንድ ጁሙዓ ተሞላ፣ አላህ ይቀበላቸው። ሳህኑ ተገዝቶ በካርቶን ሱቃችን ውስጥ ተደርድሯል።

ክርክሩ ማን ያጥባል ላይ ነው። እህቶች «ኢፍጧሩን እኛ ሠርተን ሳህኑንም እኛ ልናጥብ?» አሉ፤ ልክ ናቸው። ወንዶቹ ተራ እንያዝ አልን፣ ስም ዝርዝር ለጠፍን፣ አሥራ ሁለት ሰው ተመዘገበ። ለ400 ሳህን፣ ለሠላሳ ሌሊት፣ ከተራዊሕ በፊት፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ። ሮቶ የሚያውሰን ሰው እየፈለግን ነው። ደሴ ያላችሁ ወንድሞች፣ የሚቀጥለው ስብሰባ ሐሙስ ከዒሻእ በኋላ ነው፤ ዝርዝሩ ሱቃችን በር ላይ ተለጥፏል።